የሚጣጣም ናሙና

ጉርሻ ማክሰኞ ጠዋት ምግቡን አሸተተና ፊቱን አዞረ። እንዲህ አድርጎ አያውቅም። የሰጡትን ብቻ ሳይሆን ያልሰጡትንም፣ የጫማ ክርና የወንበር እግር ሳይቀር የሚበላ ቡችላ ነበር። ሄመን ተካልኝ ሳህኑን ወደ አፉ አስጠጋችለት። ጉርሻ ትንሽ አፈገፈገና ነጭ አረፋ አስመለሰ። ቀጥሎ ከኋላው የወጣው ቀይ ነበር። ሄመን ፀጉር ሠሪ ናት፤ በሥራዋ ብዙ ኬሚካል አሽትታለች፤ እንዲህ ያለ ሽታ ግን አጋጥሟት አያውቅም።

የአንገት ቀበቶው አረንጓዴ በርቷል። «ጤንነት፦ መልካም። ስሜት፦ ደስተኛ» ይላል።

ሄመን ቀበቶውን በጣቷ መታ መታ አደረገችው። አንዳንዴ እንዲህ ሲደረግ ይስተካከላል። ቀበቶው ጥቂት አሰበና «ስሜት፦ በጣም ደስተኛ» አለ።

ወደ ከተማው የእንስሳት ጤና መስመር ደወለች። ስልኩ ወዲያው ተነሳ፤ ንጋት ከተማ ውስጥ ደዋይ አይጠብቅም።

«ክብርት ነዋሪ፣ ስለደወሉ እናመሰግናለን። ከተማችን ከቡችላ የአንጀት ቫይረስ ነፃ መሆኗን በኩራት ታስታውቃለች። ምን እንርዳዎት?»

«ቡችላዬን ደም ያስቀምጠዋል።»

«የቡችላዎ ጤንነት መልካም ነው። በጣም ደስተኛም ነው።»

«ወለሉ ላይ ተዘርግቶ እየተንቀጠቀጠ ነው እኮ የምልህ!»

«ደስታ አንዳንድ ቡችላዎችን ያንቀጠቅጣል። ሌላ የምንረዳዎት ነገር አለ?»

ከተማዋ ነፃ የወጣችው ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። በዕለቱ ማርሽ ባንድ ተሰልፏል፤ ባለሥልጣናት ነጭ እርግብ ለቀዋል። በማግሥቱ የቡችላ ክትባት ቆመ፤ ለሌለ በሽታ መርፌ መውጋት ነዋሪውን ማሸበር ነው ተብሎ። ከዚያ ወዲህ በንጋት ከተማ አንድም ቡችላ በዚያ በሽታ አልታመመም። ቡችላዎች ይሞታሉ፤ የሚሞቱት ግን በሌላ ነገር ነው።

ሄመን ጉርሻን በፎጣ ጠቅልላ ወደ ሊፍቱ ገባች። ሊፍቱ በሩን ከዘጋ በኋላ «ጠረን ተገኝቷል። የጠረኑ ባለቤት አልታወቀም» አለ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቆመና ጋሽ ያቤጽ ገቡ።

ጋሽ ያቤጽ የብሎኩ ኮሚቴ ሊቀመንበር ናቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ከብሎኩ ሌላ የሚያስተዳድሩት የላቸውም፤ ከልዕልት ሌላም አብሯቸው የሚኖር የለም። ልዕልት የጉርሻ እኅት ናት። አንዲት ባለቤት የሌላት ውሻ ከደረጃው ሥር ወልዳቸው፣ ሁለቱ ጎረቤታሞች ክረምቱ ሲወጣ አንድ አንድ ወሰዱ። አሁን ልዕልት በጋሽ ያቤጽ ክንድ ላይ ሆና ወደ ወንድሟ ጭራዋን ትቆላለች።

«ምነው በፎጣ ጠቀለልሽው?» አሉ።

«ታሟል ጋሼ። ደም እያስቀመጠው ነው። ልዕልትን ከግቢው ሣር ያርቋት። ትናንት አብረው ሲንከባለሉ ነው የዋሉት።»

ጋሽ ያቤጽ መነጽራቸውን አውጥተው ቀበቶውን አነበቡ። «ደስተኛ ነው ይላል እኮ።»

«እስቲ እሱን ራሱን ይዩት። ደስተኛ ይመስላል?»

ጋሽ ያቤጽ ጉርሻን አላዩትም። የሊፍቱን ጣሪያ አዩ። «ሄመንዬ፣ የብሎኮች ውድድር መድረሱን ታውቂያለሽ። ሆድ ቁርጠት ነው በይና ዝም በይ። ስም እንዳታጠፊብን።»

«የማንን ስም?»

«የብሎኩን ነዋ!»

ክሊኒኩ ነጭና ጸጥ ያለ ነው። በመጠበቂያው ወንበሮች ላይ ሰዎች ውሻዎቻቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ሁሉም የመጡት ለደስታ ምርመራ ነው፤ በንጋት ከተማ ውሻ ለሌላ ነገር ሐኪም ዘንድ አይቀርብም። ሁሉም ውሻዎች በፎጣ ተጠቅልለዋል። ስለ ፎጣው ማንም ማንንም አይጠይቅም።

ዶክተር ዘነበወርቅ ወጣት ናት፤ የእሷ ትውልድ የቅድመ አያቶቹን ስም መልሶ ማውጣት የሚወድ ነው። ጉርሻን ጠረጴዛው ላይ አስተኛችው። የጀርባውን ቆዳ በሁለት ጣት ቆንጥጣ ለቀቀችው፤ ቆዳው ቶሎ አልተመለሰም። ድዱን ከፍታ አየች። ከዚያ በጥጥ ከሰገራው ወስዳ ለመመርመሪያው ማሽን አጎረሰችው። ማሽኑ ለረጅም ጊዜ አጉረመረመ።

«ናሙናው ከከተማዋ የጤና ሁኔታ ጋር አይጣጣምም» አለ። «እባክዎ የሚጣጣም ናሙና ያቅርቡ።»

«ምን ማለቱ ነው?» አለች ሄመን።

«የሌላ ውሻ ሰገራ ያምጡ ማለቱ ነው። የጤነኛ።» ዶክተሯ ይህን የተናገረችው ሰዓት እንደምትነግር ሰው ነው። «አንዳንዶቹ ከጎረቤት ለምነው ያመጣሉ። ያኔ ውጤቱ ቶሎ ይወጣል።»

«በዚያ ውጤት የእኔ ውሻ ይድናል?»

«አይድንም።»

ዶክተሯ ያንኑ ናሙና መልሳ ሞከረች። ማሽኑ በዚህኛው ዙር አልተከራከረም። «ግኝት፦ የባለቤት ሥጋት፣ መካከለኛ። ሕክምና፦ ለባለቤት» ብሎ ከሥሩ አንድ ሰሌዳ ሰማያዊ ክኒን ተፋ። ክኒኑ ላይ የሄመን ስም ከነአባቷ ታትሟል።

«ለእሱ ግሉኮስ ስጪልኛ» አለች ሄመን፣ የመስታወቱን ቁም ሣጥን እያሳየች። «ይኸው ተደርድሮ የለም እንዴ!»

«ቁም ሣጥኑ የሚከፈተው በበሽታ ስም ነው። በባለቤት ሥጋት አይከፈትም።» ዶክተሯ ድምጿን ቀነሰች። «አንድ ጊዜ እንዲሁ ጨንቆኝ የዝሆን በሽታ ስም ጻፍኩና ከፈትኩት። ቡችላዋ ዳነች። እኔን ግን ይኸው እስከ ዛሬ ዝሆኑን አምጪ ይሉኛል።»

ከዚያ ሄዳ በሩን ዘጋችና ተመለሰች።

«እትዬ ሄመን፣ ማሽኑ ዕውር አይደለም። ቫይረሱን አይቶታል። የሚሰርዘው ካየው በኋላ ነው። ጨፌ ዋርካ ይሂዱ። ከድልድዩ ማዶ ነው። እዚያ በሽታው ገና አለ።» ጉርሻን መልሳ በፎጣው ጠቀለለችው። «የሚገድለው ውኃ ማጣቱ ነውና ቤት አይመለሱ። ከዚሁ ይሂዱ።»

አውቶቡሱ የጉዞዋን ዓላማ ጠየቃት። «ዘመድ ጥየቃ» አለች። ከኋላዋ የገባው ሰውዬም ዘመድ ሊጠይቅ ነበር። በጉልበቱ ላይ ክዳን ያለው ዘንቢል ይዟል፤ ዘንቢሉ ውስጥ የሆነ ነገር ያቃስታል። ሁለቱም በመስኮት ውጭውን እያዩ ሄዱ። ጉርሻ በፎጣው ውስጥ ቀለለባት። ትንፋሹን ለመስማት ደጋግማ ጆሮዋን ታስጠጋለች።

የከተማዋ ክልል የሚያበቃበት የድልድዩ መሐል ላይ ሲደርሱ የጉርሻ ቀበቶ ጮኸ። አረንጓዴው ጠፍቶ ቀይ ሆነ። «ጤንነት፦ አስጊ። አስቸኳይ ሕክምና ያስፈልጋል!»

«እግዚአብሔር ይመስገን!» አለች ሄመን፣ ሳታስበው ጮክ ብላ። «ታመመልኝ!»

ወዲያው ዘንቢሉም ጮኸ። ሰውዬው ክዳኑን ከፈተና ቀዩን መብራት አየ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ «እንኳን ደስ ያለን» አላት። ተጨባበጡ።

የጨፌ ዋርካ ክሊኒክ የቆርቆሮ ቤት ነው። በሩ ላይ በረኪና የተሞላ ሳፋ ተቀምጧል፤ የሚገባ ሁሉ ጫማውን ይነክራል። ውስጡ ከንጋት በመጡ ሰዎች ሞልቷል። በመንገድ ላይ ዘመድ ሊጠይቁ የነበሩት ሁሉ እዚህ ሲደርሱ በአንድ አፍ ስለ ተቅማጥ ያወራሉ፤ ስለ ቀለሙ፣ ስለ ሽታው፣ ስንት ጊዜ እንዳስቀመጠው። ለዓመታት የታፈነ ወሬ ነበርና ማንም ለማቆም አልፈለገም።

ሐኪሙ ዶክተር ገመቹ ረጅም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። በጥጥ ከጉርሻ ናሙና ወሰደ፤ በትንሽ ብልቃጥ ፈሳሽ ውስጥ በጠበጠው፤ ከፈሳሹ ጥቂት ጠብታ በአንድ ጣት የምታህል ነጭ ፕላስቲክ ላይ አንጠባጠበ። ማሽን የለም፤ የሚናገር ነገርም የለም።

«አንድ መስመር ከወጣ የለም። ሁለት ከወጣ አለ» አላት።

ሄመን ፕላስቲኩ ላይ አፈጠጠች። አንድ ቀይ መስመር ወጣ። ትንሽ ቆይቶ ከጎኑ ሌላ፣ መጀመሪያ ፈዘዝ ያለ፣ ከዚያ እየደመቀ መጣ።

«አለ» አለ ዶክተር ገመቹ።

ሄመን ማልቀስ ጀመረች። ከጠዋት ጀምሮ ዓይኗ ያየውን ነገር በር ሳይዘጋ አለ ያላት የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ዶክተሩ ይህን የለመደው ይመስላል፤ ወንበር ሳበላትና ሥራውን ቀጠለ።

«ፓርቮ ነው፣ እናቴ፤ ያው የቡችላ የአንጀት ቫይረስ። ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት የለኝም። እኔ የምችለው የጎደለውን ውኃ በደም ሥሩ መመለስ፣ ትውከቱን ማቆም፣ ሰውነቱን ማሞቅ ነው። የቀረውን እሱ ራሱ ይታገላል።»

«ይድናል?»

«ቶሎ ከሚመጡት ብዙዎቹ ይድናሉ። ውለው አድረው ለሚመጡት ግን እንዲህ ብዬ አልናገርም።» መርፌውን በጉርሻ ቀጭን እግር ላይ አስገብቶ በፕላስተር አሰረ። «ወንድም ወይም እኅት አለው? አብሮት የሚጫወት?»

ሄመን ከግቢው ወጥታ ወደ ጋሽ ያቤጽ ደወለች።

«ልዕልት እንዴት ናት?»

«ደኅና ናት። ዛሬ ምግብ እምቢ ብላለች እንጂ ደኅና ናት።»

«ጋሼ፣ አሁኑኑ ይዘዋት ይምጡ። ጉርሻ ተመርምሮ ተገኝቶበታል። ግሉኮስ ላይ ነው።»

«ሊቀመንበሩ ጨፌ ዋርካ ታየ እንዲባል ነው? እኔ እኮ ነኝ ለውድድሩ ብሎካችን ጤነኛ ነው ብዬ የፈረምኩት። ደግሞ ቀበቶዋ ደስተኛ ነው የሚለው።»

«ቀበቶውን ይተዉት! ልዕልትን ይዩዋት!»

ስልኩ ውስጥ ወንበር ሲንቀሳቀስና የእግር ኮቴ ተሰማ።

«እያየኋት ነው» አሉ ጋሽ ያቤጽ በመጨረሻ። ድምፃቸው የሌላ ሰው መሰለ። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። ሄመን መልሳ ደወለች። አላነሱም።

ጉርሻ ያንን ቀንና የሚቀጥለውን በሞትና በሕይወት መካከል ሆኖ አሳለፈ። ሄመን አጠገቡ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ፣ ሙቅ ውኃ የተሞላ ጠርሙስ በጎኑ እየለዋወጠች ታስጠጋለታለች። የባለዘንቢሉ ሰውዬ ቡችላ ሞተች። ሰውዬው ዶክተሩን አመስግኖ፣ ባዶውን ዘንቢል ይዞ፣ ዘመድ ጠይቆ እንደሚመለስ ሰው ወደ አውቶቡሱ ሄደ። ሄመን የእሱንም የቡችላዋንም ስም እንኳ ሳትጠይቅ መቅረቷ ቆጫት።

ከዚያ አንድ ጠዋት ጉርሻ አንገቱን ቀና አደረገ። ውኃ ሰጠችው፤ ላሰ። አላስመለሰም። ቆየት ብሎ የግሉኮሱን ቱቦ ማኘክ ጀመረ።

«ይህ እንግዲህ ድኗል» አለ ዶክተር ገመቹ፣ ቱቦውን ከአፉ እያስለቀቀ።

ጋሽ ያቤጽ የመጡት በዚያው ቀን ነው። አውቶቡስ አልተሳፈሩም፤ ድልድዩን በእግራቸው ነው የተሻገሩት። ክራቫት አድርገዋል። በሁለት እጃቸው ካርቶን ይዘዋል፤ ካርቶኑ ላይ ነጭ ነጠላ ተሸፍኗል። ሄመን ከሩቅ ስታያቸው ገባት።

«የተኛች መስሎኝ ነበር» አሉ፣ ሳፋው ፊት ቆመው። «ጠዋት ስነካት ቀዝቅዛለች። ቀበቶው ግን ደስተኛ ይላል። እኔም ቁጭ ብዬ ደስተኛ የሚለውን አያለሁ። ምን እንደማደርግ ጠፋኝ። ድልድዩ መሐል ስደርስ ነው ሞታለች ያለኝ፣ ሄመንዬ። እዚያ ድረስ ይዣት የመጣሁት… ማንም ስላልነገረኝ ነው።»

ሄመን ብዙ ልትላቸው ያሰበችው ነገር ነበር። ከስልኩ ቀን ጀምሮ በሆዷ ስታጠናው ከርማለች። አሁን ግን ካርቶኑን ተቀብላ ክንዳቸውን ያዘች።

«ዶክተር» አሉ ጋሽ ያቤጽ፣ «መርምርልኝ።»

«አባቴ፣ አሁን ቢመረመር ምን ያደርግልዎታል?»

«በምን እንደሞተች ልወቅ።»

ዶክተር ገመቹ ተራ የሚጠብቁትን ሰዎች አየ፤ ከዚያ ጥጡን አወጣ። በጠበጠ፤ አንጠባጠበ። ጋሽ ያቤጽ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ። ሁለቱም መስመሮች ወጡ።

«አለ» አለ ዶክተሩ፣ ለስለስ ባለ ድምፅ።

«አለ» አሉ ጋሽ ያቤጽ። ቃሉን ደጋግመው በአፋቸው ውስጥ አሉት፣ የውጭ አገር ቋንቋ እንደሚለማመድ ሰው።

ልዕልትን ከክሊኒኩ ጀርባ ቀበሯት። ሊሄዱ ሲሉ ዶክተር ገመቹ አስጠነቀቃቸው። ቫይረሱ በሣርና በአፈር ላይ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመት ይቆያል፤ በጫማ ተይዞ ከግቢ ግቢ ይሄዳል። «ደረጃውንና ኮሪደሩን በበረኪና እጠቡ፤ ሌሎቹን ቡችላዎች ከሣሩ አርቁ፤ አስከትቡ፤ ክትባቱ እኔ ጋ አለ» አላቸው። ጋሽ ያቤጽ እንደ ተማሪ አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሙ።

ንጋት ከተማ ውስጥ ንጹሕ ተብሎ የተመዘገበ ግቢ ማጠብ ክልክል ነው፤ ምዝገባውን ጥርጣሬ ላይ ይጥላል። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ሄመንና ጋሽ ያቤጽ በረኪናና መወልወያ ይዘው ወደ ደረጃው ሲወርዱ፣ ሰው ሁሉ በየበረንዳው ወጥቶ ተመለከታቸው። ሊቀመንበሩ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው የመጀመሪያውን ደረጃ መፈግፈግ ጀመሩ። የግቢው መግቢያ ላይ ሳፋ አስቀመጡ።

በመጀመሪያ የወረዱት የሁለተኛ ፎቋ እማማ ሶልያና ናቸው። የራሳቸውን መወልወያ ይዘዋል።

«ለበዓሉ ነው አይደል የምናጥበው?» አሉ፣ ሄመንን በዓይናቸው እየጠቀሱ።

«አዎ እማማ፣ ለበዓሉ ነው» አለች ሄመን ፈጠን ብላ።

«እኔም ብዬ ነበር።» ከዚያ ጠጋ ብለው፣ «የእኔዋ ባለፈው ወር በበዓል ነው የሞተችብኝ» አሉ።

ከእሳቸው በኋላ ሌላ መጣ፤ ከዚያ ሌላ። ከሰዓት በፊት ግቢው በሰውና በአረፋ ሞላ። ሰዎች ግድግዳውን፣ የሊፍቱን ወለል፣ የልጆች መጫወቻውን አጠቡ። የትኛው በዓል እንደሆነ ማንም አልጠየቀም። አንዱ ስለ ቡችላው ምግብ ማቆም ሲናገር ሌላው «ለበዓሉ ነዋ» ይለዋል፤ ይሳሳቃሉ፤ ይፈገፍጋሉ።

የከተማዋን ገጽታ የሚጠብቀው ቢሮ ኦፊሰር የደረሰው ያኔ ነው። ባልቻ ይባላል፤ የተተኮሰ ሸሚዝ የለበሰ ወጣት ነው። ከሳፋው ወዲያ ቆሞ ታብሌቱን ከፈተ።

«ከዚህ ብሎክ የበረኪና ሽታ ተመዝግቧል» አለ። «ምን እየተደረገ ነው?»

መወልወያው ሁሉ ቆመ።

«ለበዓል እያጠብን ነው» አለች ሄመን።

«የትኛው በዓል?»

በዚያ ሰሞን በዓል አልነበረም። ሰዉ ሁሉ በዓል ሲፈልግ፣ ጋሽ ያቤጽ ከደረጃው ላይ ቀስ ብለው ቀና አሉ። ጉልበታቸው እርጥብ ነው።

«በዓል የለም» አሉ። «ፓርቮ ነው ያለው። የእኔን ልዕልት ገድሏታል። ተመርምሯል፤ በዓይኔ አይቻለሁ። በል ጫማህን ሳፋው ውስጥ ንከር፤ እዚህ የረገጥክበትን ይዘህ ሌላ ግቢ እንዳትገባ።»

ከላይ ከበረንዳ የሆነ ነገር ወድቆ ተሰበረ። ባልቻ ፊቱ ቀላ።

«እኔ ይህን ቃል አልሰማሁም» አለ።

«ደግሜ ልበልልህ?»

ኦፊሰሩ ታብሌቱን አየ። መወልወያ የያዙትን ሰዎች አንድ በአንድ አየ። ከዚያ ታብሌቱን ዘግቶ ብብቱ ሥር አደረገና አንድ እግሩን ወደ ሳፋው አስገባ፤ ቀጥሎም ሌላውን። በረኪናው የሱሪውን ጫፍ ነጭ አደረገው። ከሚያስፈልገው በላይ ቆየ። ሁሉም ወደ ሥራቸው ሲመለሱ ወደ ሄመን ጠጋ አለ።

«ያ ማዶ ያለው ሐኪም…» አለ በሹክሹክታ። «ሰኞ ይገባል?»

ሄመን ፊቱን አየችው። «መብላት ካቆመ ቆየ?»

«ትናንት ነው። ቀበቶው ግን…»

«ሰኞን አትጠብቅ» አለችው። «ፎጣ ያዝ።»

ባልቻ ከሳፋው ወጣ። በመጀመሪያ ሸሚዙን እያስተካከለ፣ እንደ ኦፊሰር ተራመደ። የግቢውን ጥግ እንዳለፈ ግን እርጥብ ጫማው እየተንቦጫረቀ መሮጥ ጀመረ።